«ስምምነቱ ንግዱን በዚህ ያህል ፐርሰንት ያሳድገዋል» ሲባሉ፦ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የዓለም ባንክ በ2020 ባወጣው ጥናት፣ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት በሙሉ ከተተገበረ በ2035 የአህጉሩን ገቢ በ7 በመቶ፣ በገንዘብ ሲተመን በ450 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊያሳድገው እንደሚችል ገምቶ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ስለ ስምምነቱ ሲወራ ይህ ቁጥር ሳይነሣ አይቀርም። ከ450 ቢሊዮኑ ውስጥ 292 ቢሊዮኑ ከቀረጥ ቅነሳ እንደማይመጣ ግን እምብዛም አይወራም። ጥናቱ ራሱ እንደሚለው ይህ ድርሻ የሚገኘው ቢሮክራሲውን በመቀነስና የጉምሩክ አሠራሩን በማቃለል ነው። እንግዲህ ስምምነቱን «ቀረጥ ተነሣ» ብሎ የተረዳ ሰው ያነበበው ሲሶውን ነው።

ላኪ ወይም አስመጪ ከሆኑ፣ የነጋዴ ማኅበር የሚመሩ ወይም በመሥሪያ ቤት የፖሊሲ ረቂቅ የሚያዘጋጁ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ግምት አንድ ቀን ጠረጴዛዎ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ግምቶቹ የተፈበረኩ አይደሉም፤ አብዛኞቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ሆኖም እያንዳንዱ ግምት ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነውና ማሽን ከማዘዝዎ፣ ውል ከመፈረምዎ ወይም ረቂቁን ከማሳለፍዎ በፊት ጥያቄው ምን እንደነበር ይጠይቁ።

ቁጥሩ የየትኛው ወጪ ነው?

የንግድ ወጪ ሲባል ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቀረጥ ነው፤ በመጽሐፍ ታትሞ፣ በፐርሰንት ተተምኖ ይገኛልና። ሌላው ወጪ እንዲህ ተጠርዞ አይቀመጥም። ጄምስ አንደርሰንና ኤሪክ ቫን ዊንኩፕ በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በሀብታም አገሮች አንድ ዕቃ ከፋብሪካ ወጥቶ በሌላ አገር ገዢ እጅ እስኪገባ የሚጨመርበትን ወጪ 170 በመቶ ገደማ አድርሰውታል። 100 ዶላር የፈጀ ዕቃ 270 ይሸጣል ማለት ነው። መጓጓዣው 21 በመቶ፣ ድንበር ማቋረጡ 44 በመቶ፣ የጅምላና የችርቻሮ ሥርጭቱ 55 በመቶ ሲሆን፣ እርስ በርስ እየተባዙ እንጂ እየተደመሩ አይሄዱም። ከድንበሩ 44 በመቶ ውስጥ ቀረጥንና መሰል የፖሊሲ እንቅፋቶችን የሚመለከተው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው የተለያየ ገንዘብ፣ የተለያየ ቋንቋ፣ የመረጃ እጥረትና የዋስትና ጣጣ የሚያስከትለው ነው።

ይህ የሀብታሞቹ ሥዕል ነው። ኑኑ ሊማውና አንቶኒ ቬነብልስ በ2001 ሲያሰሉት መካከለኛው ወደብ አልባ አገር የሚከፍለው የማጓጓዣ ወጪ የባሕር በር ካለው አቻው በ55 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ከገቢና ወጪ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ በጂቡቲ ለሚያልፈው ለኢትዮጵያ ይህ አዲስ ዜና አይደለም። የከባድ መኪና ወረፋው፣ ኮንቴይነሩ በሰዓቱ ባለመመለሱ የሚቆጥረው ዲመሬጅ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ዲክላራሲዮን ተከፍቶ ዕቃው እስኪለቀቅ የሚያልፈው ቀን፣ ሁሉም ወጪ ነው። ሲሚዮን ጃንኮቭ፣ ካሮላይን ፍሮይንድና ኮንግ ፋም በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕቃ ከመጫኑ በፊት የሚባክን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ንግዱን ከ1 በመቶ በላይ ይቀንሰዋል። ለአበባና ለአትክልት ደግሞ ቀኑ ከዚህም በላይ ይከብዳል። የቀረበልዎት ግምት ቀረጥን ብቻ የነካ ከሆነ እነዚህ ቀናት እንዳሉ ይቀጥላሉ ብሎ ነው የተሠራው፤ 292 ቢሊዮኑን የቆጠረ ግምት ደግሞ ቀናቱ ያጥራሉ ብሎ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ አያሳልፉት።

አንድ ስሌት እዚሁ እንሥራ። ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ (ሲ.አይ.ኤፍ) 100 ብር የሆነ፣ ኤክሳይዝ ታክስ የሌለበት ዕቃ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ቢጣልበት 135 ብር ይሆናል። 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 155.25፤ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲደረብ 170.78 ብር። ቀረጡ ዜሮ ቢሆን 126.50 ላይ ይቆማል (ሌሎች ክፍያዎችን ለጊዜው ትቼ ነው)። የ35 በመቶው ቀረጥ ሙሉ በሙሉ መነሣት ዋጋውን የሚያወርደው በ26 በመቶ ገደማ ነው። «35 በመቶ ይረክሳል» የሚል ሰው ካጋጠምዎ ወረቀትና እርሳስ ያቀብሉት። ከዚያ ቀጥሎ ስምምነቱ የሚያነሣው የጉምሩክ ቀረጡን ብቻ ይሁን ወይስ ሱር ታክሱንም እንደሚጨምር ይጠይቁ።

እዚሁ ስሌት ውስጥ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። የቀረጡ መሠረት ማጓጓዣውንም ይይዛል። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁ የጭነት ዋጋ በናረ ጊዜ፣ አስመጪው በጭማሪው ላይ ቀረጥ፣ በቀረጡ ላይ ቫት ከፍሏል። በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም እንደዚያው ሆነ። በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ አንድ መስመር ሳይቀየር በብር የሚከፈለው ቀረጥ አደገ። መጽሐፉን ብቻ አይቶ «ፖሊሲው አልተለወጠም» ብሎ የሚነሣ ግምት ይህን አያየውም።

በፐርሰንት የማይነገረውን ፖሊሲስ ቆጥሮታል?

በኦክቶበር 2022 ባንኮች ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ኤል ሲ እንዳይከፍቱ ሲታገዱ ለዕቃዎቹ የተጻፈው የቀረጥ ተመን እንደነበረ ነበር። በቀረጥ ብቻ የሚሠራ ሞዴል እገዳው ሲጣልም፣ በ2024 ሲነሣም ምንም አያስተውልም። የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከልም እንዲሁ ነው፤ የተከለከለ ዕቃ ቀረጡ ስንት ነው?

በውጭ ገበያ በኩልም ያው ነው። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አግኝታ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ ወደዚያ የሚላከው ቡና በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ጃፓን ለጥሬ ቡና የምታስከፍለው ቀረጥ ዜሮ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ ስታግድም የቆመው ንግድ በቀረጥ ቋንቋ የሚገለጽ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል ያወጣው ደንብ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ወደ ዲሴምበር 2026 ተገፍቷል። ሥራ ላይ ሲውል ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ የቦታውን መጋጠሚያ ነጥብ ጭምር ይጠይቃል። ለግማሽ ሄክታር ባለቤት ገበሬ ይህ ስንት በመቶ ቀረጥ እንደማለት ነው? ባለሙያዎች ወደ ቀረጥ ሊመነዝሩት ይሞክራሉ፤ የምንዛሬው ውጤት ግን ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል።

ዕቃው የየትኛው አገር ምርት ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስነው የሥሪት ሀገር ደንብም እዚህ ይገባል፤ እኔ ከሁሉ በላይ የሚናቀው እሱ ይመስለኛል። ዣይሜ ዴ ሜሎና አልቤርቶ ፖርቱጋል-ፔሬዝ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ የተላከውን ልብስ መርምረዋል። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ገበያዋን ከቀረጥ ነፃ በከፈተችበት ሕግ፣ በአጎዋ፣ የተገኘው መብት ብቻውን የዋነኞቹን ሰባት ተጠቃሚ አገሮች ሽያጭ በ44 በመቶ ገደማ ሲያሳድግ፣ ጨርቁ ከየትም አገር ቢመጣ ይፈቀድ መባሉ ደግሞ በ168 በመቶ ገደማ አሳድጎታል። በሁለቱም ጊዜ ቀረጡ ያው ዜሮ ነበር። ከሻንጋይ ጨርቅ አስመጥተው የሚሰፉ ከሆነ፣ ስለ ቀረጥ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ጨርቁ ይጠይቁ።

ከምን ጋር ሲነጻጸር?

ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ተሰርዛለች። ስረዛው ለአገሪቱ ስንት አስከፈላት? ከ2022 በፊት ወደ አሜሪካ የተላከውን ልብስና ከዚያ በኋላ የተላከውን ማቀናነስ ቀላል ነው፤ የሚወጣው ቁጥር ግን የስረዛው ዋጋ አይደለም። በሰሜን ጦርነት ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ነበረ። ኮሮና ገና የመርከብ መሥመሮችን እንዳመሳቀለ ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም ጠንቶ ነበር። ይህ ሁሉ አጎዋ ባይነካ ኖሮም ንግዱን ይጎዳው ነበር።

ደግሞ የስረዛው ውጤት ከስረዛው ቀን በፊት ጀምሯል። ውሳኔው የተነገረው በኖቬምበር 2021 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትልቅ ስም የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው በዚያው ወር ነው። እሱም ምክንያት ያደረገው ግጭቱን ነበር። ታዲያ ይህ መዘጋት በየትኛው ሒሳብ ይመዝገብ? በጦርነቱ ወይስ በአጎዋ? መነሻውን ጃንዋሪ 2022 ያደረገ ጥናት «ከበፊቱ» ጋር ያነጻጸርኩት የሚለው ጊዜ ራሱ አስቀድሞ የተበከለ ነው።

«እንግዲያስ ከኬንያ ጋር እናነጻጽር፤ እሷ በአጎዋ ውስጥ ቆይታለች» ሊባል ይችላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ከሐዋሳ የተነሣ ትእዛዝ ናይሮቢ አጠገብ ላለ ፋብሪካ ሊሰጥ ይችላል። እንዲያ ከሆነ የኬንያ ሽያጭ ያደገው በእኛው ስረዛ ነውና በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ጉዳቱን አጋኖ ያሳያል። ለማነጻጸሪያ የተመረጠው አገር ከድርጊቱ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ነው፤ ገማቹ ምን እንዳደረገ በግልጽ ካልጻፈ ይጠይቁት።

አብዛኞቹ ጥናቶች ማነጻጸሪያውን የሚሠሩት በስበት ሞዴል ነው። ሆላንዳዊው ያን ቲንበርገን በ1962 ያስተዋወቀው ይህ መላ፣ የሁለት አገሮች ንግድ ከኢኮኖሚያቸው ስፋት ጋር ይጨምራል፣ ከርቀታቸው ጋር ይቀንሳል ይላል። ሊኖር ይገባ የነበረው ንግድ በዚህ ይሰላል፤ ከእሱ የተረፈው ወይም የጎደለው ለፖሊሲው ይሰጣል። መላው ካሰቡት በላይ ይሠራል። ይሁንና ስምምነት የሚፈራረሙ አገሮች በዕጣ የሚደርሳቸው አይደሉም፤ ድሮም ሊነግዱ የተመቻቹ ወይም በፖለቲካ የተቃረቡ ናቸው። ስኮት ባየርና ጄፍሪ በርግስትራንድ በ2007 ይህን አርመው ሲያሰሉት ነፃ የንግድ ስምምነት ከአሥር ዓመት በኋላ የአባላቱን ንግድ በአማካይ እጥፍ ገደማ እንደሚያደርስ አገኙ። አማካይ የምትለዋንና አሥር ዓመት የሚለውን ልብ ይበሉ።

ገማቹ ምን ያህል ምላሽ አስቦ ነው?

በማንኛውም ግምት ሆድ ውስጥ አንዲት ቁጥር አለች፦ ዋጋው በ1 በመቶ ሲወደድ ንግዱ በስንት በመቶ ይቀንሳል? በጥናቶች ዘንድ 5 አካባቢ የተለመደ ነው። 3 ወይም 8 የሚወስድም አለ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በአጎዋው ምሳሌ እንየው። የጥጥ ቲሸርት ከአጎዋ ውጭ አሜሪካ ሲገባ መደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። ዋጋው በ1.165 ተባዛ ማለት ነው። ምላሹ 3 ከሆነ ንግዱ በ37 በመቶ ይወርዳል። 5 ከሆነ በ53 በመቶ፤ 8 ከሆነ በ71 በመቶ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ቀረጥ፣ ሦስት የተለያዩ ዜናዎች። የትኛው ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣ የሚወስነው ገማቹ የመረጣት ቁጥር ናት።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ለሚመጣ ባለሙያ «ምላሹን ስንት አደረጉት? ወደ 3 ብናወርደውና ወደ 8 ብናወጣውስ?» ይበሉት። መልሱን ከእጁ ካላጣ ሥራውን ያውቃል። ደግሞ ሞዴሉ ሁሉንም ነገር ለስላሳ ቁልቁለት ያደርገዋል፤ የእርስዎ ሥራ ግን ሦስት ወይም አራት ገዢ ብቻ ሊኖረው ይችላል። በፒስ ጥቂት ሳንቲም በሚያተርፍ የልብስ ስፌት 16.5 በመቶ ሲመጣ ገዢው ትእዛዙን ቀንሶ አይቀጥልም፣ ጨርሶ ይሄዳል። የአገሩ አማካይ 53 በመቶ ቢሆን የእርስዎ ዜሮ ወይም መቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ አገሮችን አይቷል?

ጆን ማክካለም በ1995 የካናዳ ክፍለ ሀገሮች እርስ በርስ የሚነግዱት፣ በስፋትና በርቀት ከሚመሳሰሏቸው የአሜሪካ ግዛቶች ጋር ከሚነግዱት 22 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶት ባለሙያውን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ አንደርሰንና ቫን ዊንኩፕ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ድንበሩ የሁለቱን አገሮች ንግድ የቀነሰው በ44 በመቶ ገደማ ነው አሉ። ልዩነቱ የመጣው ከምን ነው? ንግድ የሚወሰነው በሁለቱ መካከል ባለው እንቅፋት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዳቸው ከሌላው ዓለም ጋር ካላቸው እንቅፋት ጋር በሚኖረው ንጽጽር ነውና። ትንሽ አገር ድንበሯን ስታጥር ወደ ውስጥ የሚዞረው ንግድ እጅግ ይበዛል፤ ትልቋ ግን እምብዛም አይታወቃትም።

ወደ እኛ ሲመጣ፣ ካምፓላ ላይ የሚሸጥ ኢትዮጵያዊ ላኪ የሚፎካከረው ከናይሮቢው ሻጭ ጋር ነው። ኬንያና ኡጋንዳ ከ2005 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ናቸው። እነሱ መንገዳቸውን ባቃለሉ ቁጥር፣ በኢትዮጵያና በኡጋንዳ መካከል ምንም ሳይለወጥ የእኛው ላኪ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት አገር ብቻ ነጥሎ ያየ ግምት ይህን ይስታል።

መረጃው ስለማን ነው?

ይህን ባጭሩ ልለፈው። ሳይመዘገብ በሶማሌላንድ በኩል የሚወጣው ከብት ከየትኛውም የእኛ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። ሳይመዘገብ ይሻገር የነበረ ዕቃ ቀረጡ ሲቀነስ በሕጋዊ መንገድ መግባት ከጀመረ፣ መዝገቡ «ንግድ አደገ» ይላል፤ ያደገው ግን ምዝገባው ነው። ሬይሞንድ ፊስማንና ሻንግ-ጂን ዌይ በ2004 ከሆንግ ኮንግ ወደ ቻይና የሚገባውን ዕቃ በሁለቱም ወገን መዝገብ አመሳክረው፣ የታክሱ ተመን በ1 ነጥብ በጨመረ ቁጥር ከመዝገብ የሚሸሸው በ3 በመቶ እንደሚያድግ አሳይተዋል። ዝቅ ያለ ኢንቮይስ አይቶ ለሚያውቅ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም።

በዓለም ካሉት የአገር ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከነአካቴው አይነጋገዱም። የድሮው የስሌት ዘዴ እነዚህን ዜሮዎች ይጥላቸው ነበር፤ ዣዎ ሳንቶስ ሲልቫና ሲልቫና ቴንሬይሮ በ2006 ፖይሰን የተባለውን ዘዴ ካሳዩ ወዲህ መጣል ምክንያት የለውም። ጥናቱ የትኛውን እንደተጠቀመ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ትርፉ የማን ኪስ ይገባል፣ መቼ?

አሜሪካ በ2018 በቻይናና በሌሎች አገሮች ዕቃ ላይ ቀረጥ ስትጭን፣ ሜሪ አሚቲና ባልደረቦቿ ሂሳቡን ተከታትለው ጭማሪው ሙሉ በሙሉ በሚባል ደረጃ በአሜሪካ ገዢዎች ላይ እንዳረፈ አሳዩ። ቀረጥ ሲወርድስ ቅናሹ እንዲሁ ገዢው ጋ ይደርሳል? ዴቪድ አትኪንና ዴቭ ዶናልድሰን ይህን በኢትዮጵያና በናይጄሪያ ገበያዎች ፈትሸውታል። በሁለቱ አገሮች ውስጥ ርቀት የሚያስከትለው ወጪ ከአሜሪካው በአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ዋጋ ሲወርድም ከሚገኘው ጥቅም አብላጫውን የሚወስደው በመሐል ያለው ነጋዴ ነው፤ ገበያው በራቀ ቁጥር ድርሻው ያድጋል። ስምምነቱ ሸማቹን ይጠቅማል የሚል ግምት ካዩ፣ የትኛውን ሸማች እንደሆነ ይጠይቁ፤ መርካቶ አጠገብ ያለውን ነው ወይስ ጂንካ ያለውን?

ጊዜውንም ይመልከቱ። የአህጉሩ ስምምነት በጋራ ደንቡ መሠረት በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች 90 በመቶ የሚሆኑትን የታሪፍ መስመሮች ቀረጥ በአሥር ዓመት ቀስ በቀስ እንዲያነሡ ይፈቅዳል። 7 በመቶው «ጥንቃቄ የሚሹ» ተብለው ከዚያም ረዘም ያለ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ 3 በመቶው ጨርሶ ከቅነሳው ውጭ ሊደረግ ይችላል። አገሮች ወደ 3 በመቶው የሚያስገቡት በብዛት የሚገበያዩትንና ፋብሪካቸው የሚሠራውን ዕቃ ቢሆን አይገርምም። ስለዚህ ስለ አህጉሩ የተነገረው 7 በመቶ ዕድገት የእርስዎን ምርት ይመለከት እንደሆነ የሚነግርዎ የዕቃዎ የታሪፍ ቁጥር ነው። ዕቃ አስተላላፊዎን ቁጥሩን ይጠይቁት፤ ከዚያ መሸጥ ያሰቡበት አገር ባቀረበው ዝርዝር ውስጥ በየትኛው ክፍል እንደተመደበና በየትኛው ዓመት ስንት እንደሚከፈልበት ያመሳክሩ።